አይታመንም

ኅዳር 3

ብሎን፣

ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ። «እንደምን ሰነበትክ» ብሎ ለመጀመር የሚሆን ትዕግሥት ዛሬ የለኝም። «የሠራሁላችሁ ኮምፒውተር እንዴት ይዟችኋል?» ብለህ ጠይቀሃል። ይኸውልህ መልሱ።

ስከፍተው ለመነሣት ስምንት ደቂቃ ይፈጅበታል። በግድግዳው ሰዓት ለክቼዋለሁ። ከተነሣ በኋላ ሁለት ሦስት ገጽ እንደ ደህና ዕቃ ያስጽፈኛል። ከዚያ ቀጥ ይላል። ማውሱ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የምነካው ነገር ግን አንዱም አይከፈትም። ሳጥኑ ፊት ላይ ያለችው ትንሿ ቀይ መብራት እንደበራች ትቀራለች። አንዳንዴ ከአራት ደቂቃ በኋላ ነፍስ ይዘራል። አንዳንዴ ጭራሽ አይመለስም፤ ቁልፉን ተጭኜ አጠፋዋለሁ፣ የጻፍኩትም አብሮት ይጠፋል። ትናንት ብቻ አምስት ጊዜ እንዲህ አድርጎኛል።

እዚያ መቆፈሪያ ማሽን ሥር ተጋድመህ ስትውል ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። የማዘጋጃ ቤቱን የልደት መዝገብ ጎርፍ ከበላው ወዲህ በዚህ ሰፈር መወለዱን በወረቀት የሚያስረዳ ሰው የለም። የተረፈው የእማዬ ነው፤ በሠላሳ አራት ዓመት አዋላጅነቷ የተቀበለቻቸውን ልጆች የመዘገበችባቸው ዘጠኝ ደብተሮች። በኮምፒውተር ተጽፎ፣ እሷ በየገጹ ፈርማበት እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ከመጣ እንቀበላለን ብለዋል። የእሷን ጽሑፍ ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያነበው የለም። ስለዚህ ጠዋት ትምህርት ቤት የጸሐፊነት ሥራዬን ሠርቼ እመጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰባተኛውን ጨርሰን ስምንተኛውን ልንጀምር ነው። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ከሥራ ሲመለስ በራችን ላይ ይቆማል። መንታ ሴቶች ልጆቹ ለፈተና የሚመዘገቡት በልደት ወረቀት ነው። «የእኔዎቹ ጋ ደረሳችሁ?» ይለኛል። ምን ልበለው? ወንድሜ የሠራው ኮምፒውተር አኩርፏል ልበለው?

«ፋብሪካ ከገጠመው የእኔ ይበልጣል» ብለኸን ነበር። እዚያ ስልክ ባለመያዙ ዕድለኛ ነህ፤ ቢይዝ ኖሮ ጆሮህን ነበር የማደነቁርህ። ይህን ማክሰኞ ለውሃ ቦቴው ሾፌር እሰጠዋለሁ። ዓርብ ሲመለስ መልስህን ካልያዘ ሳጥኑን በመስኮት ነው የምወረውረው።

እህትህ


ኅዳር 6

እታለም፣

እኔ ግን ሰላምታውን አልዘልም። እንዴት ነሽ? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ከአቧራውና ከፎርማኑ በቀር ደህና ነኝ።

አትወርውሪው። ዕቃው ደህና ነው። ኮምፒውተር እንዲህ ሲያደርግ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አቧራ ነው። አቧራ ሲታፈንበት ይግላል፣ ሲግል ይንቀራፈፋል። ሶኬቱን ንቀዪ። ከጀርባ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፈትተሽ የጎኑን ክዳን አንሺ። ቀለም ያልነካው ደረቅ ብሩሽ ፈልጊና ማራገቢያዎቹን በጣትሽ ይዘሽ፣ እንዳይሽከረከሩ፣ ጥረጊያቸው። ከታች በኩል የተገጠመውን ጠፍጣፋ ብረት ግን እንዳትነኪው። ሃርድ ዲስኩ ነው፤ ጽሑፍሽ ሁሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው፣ መነካካት አይወድም።

ደግሞ አደራ፣ ለሰፈሩ ስልክ ጠጋኝ እንዳትሰጪው። ሰውዬው የሚያውቀው አንድ ቃል ነው፤ ፎርማት። ሁሉንም አጥፍቶ ባዶ ሳጥን ነው የሚመልስልሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እማዬ ድሮ ከደብዳቤሽ ሥር አንድ መስመር ትጨምርልኝ ነበር። ከክረምት ወዲህ አላየሁም። ተቀይማኛለች?

ብሎን


ኅዳር 10

ብሎን፣

ጠረግሁት። ትራስ የሚሞላ አቧራ ወጣው። ሲያስነጥሰኝ ዋለ። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ፣ ሶኬቱን ሰካሁ፣ ሰዓቱን አየሁ። ስምንት ደቂቃ የነበረው ስምንት ደቂቃ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ክዳኑ ክፍት ሆኖ ስላዳመጥኩት ግን አንድ ነገር ሰማሁ። ቀጥ ሊል ሲል ከታች በኩል ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ሰው ፊት ሳሉን እንደሚያፍን ሰው። ይኼ ምንድን ነው? ጠይቄሃለሁ፣ መልስልኝ።

እማዬ አልተቀየመችህም። ዓይኗ ስለደከማት ለደብተሮቹ እንቆጥበው ብለን ነው። ስለ እሷ አታስብ፣ ስለ ሳጥንህ አስብ።

እህትህ


ኅዳር 13

እታለም፣

የምትሰሚው የማራገቢያው ድምፅ ነው፤ ሲያረጅ እንዲያ ይላል። እሱን ተዪው። አሁን ራሙን፣ ማስታወሻ ሰሌዳዎቹን፣ እንይ። ክዳኑን ስታነሺ ማስቲካ የምታህል ረጅም ሰሌዳ ቆማ ታያለሽ፤ ሁለት ናቸው። ጫፍና ጫፋቸው ላይ ያለውን መቆለፊያ ወደ ውጭ ግፊው፣ ራሳቸው ብድግ ይላሉ። ወርቃማ ጥርሶቻቸውን በእርሳስ ላጲስ ፈትገሽ፣ ፍርፋሪውን እፍ ብለሽ፣ ቀጭ እስኪል ድረስ መልሰሽ ግጠሚ።

አንቺም ደግሞ ራስሽን ጠይቂ። ደብተሮቹን ሳጥኑ ላይ ትቆልያለሽ፣ አየር የሚያስገባውን ቀዳዳ በመጋረጃ ትሸፍኛለሽ፣ አሥር ነገር ባንድ ጊዜ ትከፍቻለሽ። ከዚያ ሲቆም ብሎን ትያለሽ። ዕቃ አያያዝ የሚባል ነገር አለ። በየደብዳቤው መቆጣትሽ ማሽኑን አይጠግነውም።

ዓይኗን ሐኪም አየው? ምን አለ? የጻፍሽልኝ እኮ አንድ መስመር ነው።

ብሎን


ኅዳር 17

ብሎን፣

ዕቃ አያያዝ ላልከው፤ እኔ ሥራ የገባሁ ጊዜ የተሰጠኝ የብረት ወረቀት መብሻ ዛሬም ይበሳል። የአንተ ኮምፒውተር ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም።

እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቁጭ ብዬ በላጲስ ፈተግሁልህ። ሁለት ቀን ደህና ሆነ። እውነቱን ለመናገር በሆዴ ይቅርታ ልጠይቅህ ጀምሬ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የስምንተኛውን ደብተር መጨረሻ ገጽ ጻፍን። እማዬ «በቃ» ብላ መነጽሯን አወለቀች። ሴቭ ለማድረግ ስነካው ቀጥ አለ። ጠበቅሁት። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁት። አጥፍቼ ሳበራው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ጻፈብኝ፤ የሚነሣበት ነገር እንዳጣ ነው የሚለው። ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

ፍላሽ ላይ ቅጂ አልያዝሽም ወይ እንዳትለኝ። የሰጠኸኝ ፍላሽ ከሰጠኸኝ ቀን ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። ነግሬህ «እልክልሻለሁ» ብለኸኝ ነበር።

ነገ ለስልክ ጠጋኙ እወስደዋለሁ። ፈቃድህን እየጠየቅሁ አይደለም።

እህትህ


ኅዳር 24

ብሎን፣

«ለምን ወሰድሽው፣ ለምኜሽ አልነበረም?» ብለህ ጽፈሃል። ለምን እንደለመንከኝ አሁን ገባኝ።

ጠጋኙ ፎርማት የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ክዳኑን አነሣና ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ እንዳልነካ ያስጠነቀቅኸኝን ጠፍጣፋ ብረት ፈትቶ አወጣው።

«ማን ነው የገጠመው?» አለኝ።

«ወንድሜ።»

«እጁ ጥሩ ነው። ሁሉም ዕቃ አዲስ ነው። ይኼ ግን የአሮጌ ላፕቶፕ ዲስክ ነው፤ ከተሠራ አሥር ዓመት አልፎታል።» አገላብጦ አየው። ከዚያ ጽሑፉን ወደ እኔ አዞረው።

በጥቁር ማርከር «አይታመንም» ተብሎ ተጽፎበታል። ጅራቷ እንዲህ የረዘመ «ም» የሚጽፍ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው፤ ፊደል ያስቆጠርኩትም እኔ ነኝ።

አዲሱን ዲስክ አብረን ሄደን ነበር ያመጣነው። ላስቲኩን እዚሁ ጠረጴዛችን ላይ ነበር የቀደድከው። እማዬ እጇ ላይ አስቀምጣ «ይኼን የምታክል ነገር ዘጠኝ ደብተር ትይዛለች?» ብላ ስቃለች። የት ሄደ? ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀርህ «ላስተካክልላችሁ» ብለህ በርህን ዘግተህ የዋልከው ለዚህ ነው? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉ። አንተ የሚያስለውን ትተህልን ደህናውን ይዘህ ሄድክ።

መውሰድህ አይደለም ያቃጠለኝ። ቀይዋ መብራት እንደበራች ትቀራለች ብዬ የጻፍኩልህ ቀን አውቀኸዋል። ጠቅ ጠቅ ይላል ስልህ አውቀኸዋል። እያወቅህ ግን አቧራ አስጠረግኸኝ፣ ላጲስ አስፈተግኸኝ፣ ጭራሽ ዕቃ አያያዝ አስተማርከኝ። የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስትመልስ «ዲስኩ አሮጌ ነው፣ የጻፍሽውን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጪ» ብትለኝ ኖሮ አንድ ገጽ አይጠፋም ነበር። አንዲት መስመር ነበረች እኮ።

እሺ፣ እኔም የደበቅሁትን ላውጣው። የደከማት ዓይኗ አይደለም። ከክረምት ጀምሮ እማዬ ትረሳለች። መጀመሪያ ቁልፍ ነበር፣ ከዚያ ቀን፣ አሁን ሰው። እኔን በሞተችው እህቷ ስም ትጠራኛለች። ጠዋት ጠዋት የጫማ ሰፊው ሚስት አብራት ባትቀመጥ ኖሮ ሥራዬን ለቅቄ ነበር። ደብተሯን ስትይዝ ብቻ ድሮ የነበረችውን ትሆናለች፤ ስለዚህ ነው የተጣደፍኩት። ከአንተ ሳጥን ጋር ብቻ አልነበረም እሽቅድምድሜ።

ስምንተኛውን እንደገና እናንብበው ብላት «አንብቤዋለሁ፤ ውሸታም አታድርጊኝ» ብላ ደብተሩን ነጠቀችኝ። ሌላው ሁሉ ሲጠፋባት ይህ አልጠፋባትም። ልክ ናት፣ አንብባዋለች።

እህትህ


ኅዳር 27

እታለም፣

እኔ ነኝ የወሰድኩት። የቁፋሮ ድርጅቱ የየዕለቱን ሥራ መዝግቦ የሚይዝበት የራሱ ኮምፒውተር ያለው መካኒክ ነበር የፈለገው። አለኝ አልኩ። የነበረኝ ያ በግማሽ መንገድ የሚያንቀላፋው ላፕቶፕ ነው። ዲስኩ እየሞተ እንደነበር ስለማውቅ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀልብኝ «አይታመንም» ብዬ ጽፌበት ነበር። ያንን እናንተ ጋ ገጠምኩ፣ የእናንተን እኔ ጋ። በሁለት ወር ውስጥ እመልሳለሁ ብዬ ነበር። ሁለቱ ወር አሥራ አንድ ሆነ። ቀይዋ መብራት ስትይ ዲስኩ መሆኑን ጠረጠርኩ። ምናልባት አቧራ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ቀጥሎ አንቺን። የሚባለውን ሁሉ በይኝ፣ አንዱንም አልመልስም።

አሁን ግን ተራው የእኔ ነው። አምስት ወር! እኔ በየሳምንቱ እናቴ እንዴት ናት እያልኩ ስጽፍ፣ አንቺ «ዓይኗ ደከማት»። ለዓይኗ እንዲሆን እዚህ ሐኪም የሚያውቅ ሰው እየፈለግሁ ነበር፤ ለሾፌሩ ሳይቀር ነግሬዋለሁ። ሞኝ አድርገሽኛል። እኔ ዲስክ ነው የደበቅሁት፤ አንቺ እናቴን ነው የደበቅሽኝ። የትኛው እንደሚብስ ሄደሽ ለጠጋኙ ንገሪውና ይፍረድ።

ዲስኩን በፎጣ ጠቅልዬ በሾፌሩ እጅ ልኬዋለሁ። መንገድ ላይ እንዳይንገጫገጭ ጭኑ ላይ እንዲይዘው አስምዬዋለሁ። ለጠጋኙ ስጪው። አሮጌውን ዝም ብላችሁ ደጋግማችሁ አታስነሡት፤ በተነሣ ቁጥር ይሞታል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ የሚነበበውን ሁሉ ይገልብጥ። ሰውዬው ሥራውን ያውቃል። ስለ እሱ ያልኩት ውሸት ነበር።

መምጣት እችላለሁ? ትፈልጊያለሽ?

ብሎን


ታኅሣሥ 8

ብሎን፣

ዲስኩ ደርሷል። ጠጋኙ ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ ሳይነካ ሲገለብጥ ከረመ። ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ተርፏል። ከስምንተኛው የተገኘው አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ሌላው ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኗል። የጫማ ሰፊው መንትዮች በጠፋው ውስጥ ናቸው። ኮምፒውተሩ አሁን ባንድ ደቂቃ ይነሣል። ማመስገን ነበረብኝ፣ አልቻልኩም።

ዘጠነኛው ግማሹ ባዶ ስለሆነ ጨርሰነዋል። ስምንተኛውን ግን ስታይ ፊቷ ይለዋወጣል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በሦስተኛው «ከቤቴ ውጪልኝ» አለችኝ። ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ ስገባ ረስታዋለች፣ ደብተሩን ግን ትራሷ ሥር አድርጋዋለች። ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶናል።

ለምን ደበቅሽኝ ላልከው ልንገርህ። መጀመሪያ እሷ ናት፣ ደህና በነበረችበት ጊዜ፣ «እንዲህ ሆኜ እንዳያየኝ፣ አትንገሪው» ያለችኝ። በኋላ ብነግርህ ሥራህን ጥለህ ትመጣለህ ብዬ ፈራሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ብነግርህም አትመጣም ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛው ፍርሃት ነው አፌን የያዘኝ።

«ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ጥያቄ አይገባኝም። የእናትህ ቤት ነው። እኔ ግን ላነጋግርህ ቃል አልገባም።

እህትህ


ታኅሣሥ 25

እታለም፣

«ለምን ሳትሰናበተኝ ወጣህ? አምስት ቀን ቤታችን ከርመህ ሌባ ይመስል በጓሮ ትወጣለህ?» ብለሽ ለሾፌሩ ልከሽብኛል፤ እሱም ቃል በቃል አድርሶታል። ቢያፍርም አድርሶታል።

ያየሽውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ከሰዓት በኋላ ስትገቢ ጸሐፊው እያለች ስትጠራኝ ሰምተሻል፤ ሳህን አስቀምጠሽልኝ ወደ ጓዳ ገባሽ። አንዴም አላየሽኝም። አልፈርድብሽም። ጠዋት ጠዋት የሆነውን ግን አላየሽምና ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ቀን በሩን ሳንኳኳ የጫማ ሰፊው ሚስት ጓዳ ስለነበረች እማዬ ራሷ ከፈተች። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «ከማዘጋጃ ቤት ነህ?» አለችኝ። አፌ ውስጥ የነበረው ሌላ ነገር ነበር። «አዎ እናቴ» አልኳት፤ ማንኛውም የቢሮ ሰው ለትልቅ ሴት እንደሚለው። «ቆያችሁ» ብላ ተቆጣችና መነጽሯን ይዛ መጣች። ከትራሷ ሥር ስምንተኛውን ደብተር አወጣች። «ለልጄ አንብቤያለሁ፤ ለእናንተ ግን አላነበብኩም። ጻፍ ልጄ» አለችኝ። ልጄ ያለችኝ ለማንም እንደምትለው ነው።

ጻፍኩ። እንዴት እንደምታነብ ረስቼው ነበር። ቀን፣ ሰዓት፣ የእናት ስም፣ ወንድ ወይ ሴት፣ እንዴት እንዳለቀሰ። አንዱ ጋ ቆማ «ይኼኛው ሳያለቅስ ብዙ ቆየ፤ እጄ ላይ ነው የመለስኩት፤ ጻፈው» ትላለች። ሰነዱ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም። ጻፍኩት። መንትዮቹ ጋ ስንደርስ «ሁለተኛዋን ማንም አልጠበቃትም» ብላ ሳቀች። ተሳስቼ ስጽፍ በጣቷ ጠረጴዛውን መታ መታ ታደርጋለች። ድሮ የቤት ሥራ ስታሠራን እንዲያ ነበር የምታደርገው።

በአምስተኛው ቀን አለቀ። አሳትሜ ካመጣሁላት የመጨረሻው ገጽ ላይ ፈረመችና እጇን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች። «ይኼን የሠራው ልጄ ነው» አለችኝ። «ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ከልጅነቱ ያልፈታው ዕቃ የለም፣ ብሎን እለዋለሁ። ይኼው ስንት ጊዜያችን፣ አንድ ቀን ቆሞብን አያውቅም።»

«ጎበዝ ልጅ አለዎት» አልኳት።

«ጎበዝስ ጎበዝ ነው» አለች። «አይመጣም እንጂ።»

በጓሮ የወጣሁት ለዚህ ነው። አንቺን ጠብቄ ቢሆን ኖሮ እጮህብሽ ነበር። ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን የምጮህበት ሌላ ሰው የለኝም።

ብሎን


ታኅሣሥ 29

ብሎን፣

መዝገቡን ትናንት አስረክቤያለሁ። ተቀባዩ ሰውዬ ገጽ በገጽ ፊርማዋን አየ። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ «እዚህ ጋ እንዴት እንዳለቀሱ ሁሉ ተጽፏል፤ ይህ ይሰረዝ?» አለኝ። አይሰረዝም አልኩት። ተከራከርን። ድምፄን ከፍ አድርጌበታለሁ፤ ማኅተሙን መታው። ጫማ ሰፊው ዛሬ የመንትዮቹን ወረቀት ይዞ በራችን ላይ መጣና አሳይቶኝ ሄደ። ከደጃፉ ላይ ዓይኑን በእጁ ሲጠርግ በመስኮት አየሁት፣ እያለቀሰ ነበር መሰለኝ።

ከአንተ ጋር አልታረቅሁም። ቁጣው የት እንደሚሄድ አላውቅም፤ አንዳንድ ቀን ትምህርት ቤት ወረቀት ስበሳ ባንተ ላይ ይመስለኛል የምመታው። ያንተም በእኔ ላይ አልበረደም፤ ይኼንንም ከደብዳቤህ አይቻለሁ። ይሁን። ሁለታችንም የሚገባንን ነው ያገኘነው።

እማዬ ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን አበጥራ፣ መነጽሯን አድርጋ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ አገኘኋት። «ያ ጸሐፊ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ሥራው እንዳለቀ አልነገርኳትም። ቅዳሜ ይመጣል ብያታለሁ።

አታስዋሸኝ።

እህትህ